እስስትን በሰፈር መከታተል፦ ከአውስትራሊያ በረሃ የተቀዳ አሠራር በመሐል አዲስ አበባ

በአራት ኪሎና በግንፍሌ ወንዝ መካከል ባለው ሰፈራችን የሚኖሩትን እስስቶች ከጎረቤቶቼ፣ ከተማሪዎቼና ከየግቢው የጥበቃ ሠራተኞች ጋር መከታተል ከጀመርን ወዲህ፣ በሌሎች ክፍለ ከተሞች የሚያስተምሩ ባልደረቦቼና የተፈጥሮ ክበብ ተጠሪዎች አሠራሩን በጽሑፍ እንዳስቀምጥላቸው ደጋግመው ጠይቀውኛል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት እንጂ የተሳቢ እንስሳት ተመራማሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ እዚህ የማሰፍረው በሥራው ላይ ያየሁትንና ለጀማሪ ይጠቅማል የምለውን ብቻ ነው። አሠራሩም ከራሳችን የመነጨ ሳይሆን በአውስትራሊያ በረሃ ለመጥፋት የተጋለጠች አንዲት እንሽላሊት ከምትጠበቅበት መንገድ የተቀዳ በመሆኑ፣ በቅድሚያ ስለ እርሷ መናገር ይኖርብኛል።

በመሐል አውስትራሊያ ኡሉሩ በተባለው ግዙፍ ዓለት አካባቢ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ቻኩራ የሚሏት ይህች እንሽላሊት በሳይንሳዊ ስሟ ሊዮፎሊስ ኪንቶሬይ ትባላለች። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቷም እስከ 350 ግራም ሊደርስ ይችላል። የምትኖረው ሹል ቅጠል ያለው የበረሃ ሣር በበቀለበት ቀይ አሸዋማ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ በዋነኝነት ምስጥ ትመገባለች፤ የምትወጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅና በምሽት ነው፤ የቅዝቃዜውን ወራት ደግሞ ከመሬት በታች ታሳልፋለች። ከብዙዎቹ እንሽላሊቶች የሚለያት ቤተሰባዊ ኑሮዋ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወላጆችና በተለያየ ጊዜ የተወለዱ ልጆቻቸው በኅብረት የሚቆፍሩትና የሚጠግኑት ዋሻ እስከ 20 የሚደርሱ መግቢያዎች ሊኖሩት፣ ስፋቱም እስከ 13 ሜትር ሊደርስ፣ እስከ 7 ዓመት ድረስም ያለማቋረጥ ሊኖሩበት ይችላል። ለሚከታተላት ሰው ትልቁ ጥቅም ግን ቤተሰቡ ሁሉ ከዋሻው ውጪ በአንድ የጋራ ቦታ ላይ መጸዳዳቱ ነው።

የአካባቢው ጠባቂዎች ቻኩራን ራሷን ለማየት አይደክሙም። ዱካ ማንበብ ከአባቶቻቸውና ከእናቶቻቸው የወረሱት ዕውቀት ስለሆነ፣ አሸዋው ላይ የቀረውን ምልክት ያነባሉ፦ አዲስ የተዛቀ አፈር፣ በመግቢያው ላይ የእግርና የጅራት ዱካ፣ በመጸዳጃው ላይም ትኩስ ኩስ መኖሩን ያያሉ። የኩሱ መጠን ከአዋቂ ወይም ከግልገል የመጣ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ አንዲትም እንስሳ ሳትነካ ዋሻው ሰው እንዳለበት ቤት መሆኑና ግልገሎች መወለዳቸው ይታወቃል። በአውስትራሊያ በረሃ ክትትል በሰፊው ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ 2 ሄክታር የሚሆን፣ ማለትም 200 በ100 ሜትር የሆነ ቦታ መርጦ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ምልክት መፈለግ ነው። የመሬቱ ስፋትና የፍለጋው ጊዜ ስለማይለዋወጥ የዘንድሮው ውጤት ከከርሞው፣ የአንዱ ቡድን ውጤትም ከሌላው ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

እንስሳዋን ለአደጋ ያጋለጧት ነገሮች ከዚያው ምድር ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው። ድመትና ቀበሮ ከአውሮፓ የገቡ አዳኞች ሲሆኑ፣ ሌላው ጠንቅ የእሳቱ ሥርዓት መለወጥ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች በረሃውን በእግራቸው ያቋርጡ በነበረበት ዘመን ሣሩን በትንንሽ ቁራጭ እየለዩ ያቃጥሉት ነበር፤ በዚህም ምክንያት የተቃጠለው ካልተቃጠለው ጋር ተሰበጣጥሮ ይገኝ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ ከመሬታቸው ርቀው በመንደር እንዲሰፍሩ ሲደረግ ሣሩ ሳይነካ ተከማቸና በበጋ የሚነሣው እሳት ሰፊ ምድር በአንድ ጊዜ የሚበላ ሆነ፤ ሽፋን ባጣው ሜዳ ላይ ደግሞ ድመት ቻኩራን በቀላሉ ታገኛታለች። ዛሬ እንስሳዋን የሚቆጥሩት ሰዎች ራሳቸው በቀዝቃዛው ወቅት ትንንሽ እሳት የሚያነዱትና ድመት የሚያድኑት ናቸው። መቁጠርና መጠበቅ በአንድ እጅ መሆናቸው ከሁሉ በላይ የማረከኝ ነገር ነው፤ የእኛም ሥራ የተቀረጸው በዚህ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። የምንከታተላት የኢትዮጵያ ደጋ እስስት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ፣ እንደ ቻኩራ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ የተመዘገበች አይደለችም። «ታዲያ ለምን ትቆጥሯታላችሁ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልናል። መልሴ አጭር ነው፤ አንድ እንስሳ መቀነሱን ማወቅ የሚቻለው ብዙ በነበረበት ጊዜ የቆጠረው ሰው ካለ ነው። የመሐል ከተማው ገጽታ ደግሞ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቀበና በኩል በተካሄደው የኮሪደር ልማት መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው ተነጥፏል፣ ብዙ አሮጌ አጥር ተነሥቶ በምትኩ ሣርና ችግኝ ተተክሏል። ለውጡን ለመንቀፍ አይደለም የምናገረው፤ እኔም በዚያ መንገድ በምቾት እሄድበታለሁ። ነገር ግን ለእስስት የሚጠቅማት የተጠላለፈ ቅርንጫፍ፣ ጥላና ነፍሳት ያለበት ጥቅጥቅ ያለ አጥር ነው፤ ይህንንም አዲስ ሣርና ቀጭን ችግኝ ለጊዜው ሊሰጧት አይችሉም። በዚህ ምክንያት የድሮዎቹ ግቢዎች፣ የወንዙ ዳርቻና ወይራና ጽድ ያለባቸው የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ምን እንደያዙ ማወቅ አስፈላጊ ሆኖ አገኘነው።

የበረሃውን ዘዴ እንዳለ መውሰድ ግን አይቻልም። እኛ ዘንድ የሚነበብ አሸዋ የለም፤ እስስትም ቋሚ ዋሻና የጋራ መጸዳጃ የላትም። በቀን ከቅጠሉ ጋር ተመሳስላ ስለምትቆይ በአጠገቧ አልፎ አለማየት የተለመደ ነው። በሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እስስት ስትተኛ ብዙውን ጊዜ ወደ ቅርንጫፍ ጫፍ ወጥታ ታድራለች፣ ቀለሟም ስለሚነጣ የእጅ ባትሪ ብርሃን ሲያርፍባት ከጥቁሩ ቅጠል ተለይታ ትታያለች። ስለዚህ ቆጠራችን የሌሊት ነው። ከዘዴው የወሰድነው የመንገዱን ቋሚነት ነው፦ የተወሰነ የአጥር ርዝመት (በቆጠራችን «መንገድ» የምንለው ይህን ነው)፣ የተወሰነ የፍለጋ ጊዜ፣ ሁልጊዜም ሁለት ሰው። ዝናብ ላይ አንወጣም፤ እርጥብ ቅጠል ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ዓይንን ያታልላል፣ የክረምቱ ውጤትም ከበጋው ጋር ለመወዳደር ያስቸግራል።

ረዘም አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ጥበቃ ሠራተኞቻችን ነው። በረሃው ላይ ዱካ የሚያነበው ሰው ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ሳይሆን የቦታው ባለቤት ነው፤ በመሐል አዲስ አበባ ሌሊቱን ከአጥር ሥር የሚያሳልፈው ማን ነው ብዬ ሳስብ ያገኘሁት መልስ ዘበኞቻችን ናቸው የሚል ነበር። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ እንስሳና ተክል የሚያውቁ፣ ዕውቀታቸውን ግን ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ገብተው አንድ ቀን ስለሚያርፉ በአንድ ግቢ ሁለት ሰው ይገኛል፤ ሁለቱም በየፊናቸው የተለያዩ ሌሊቶችን ያያሉ። ከመካከላቸው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ከተማሪዎቼ ጋር የምናደርገውን ፍለጋ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ነፋስ ባለ ሌሊት እኮ ላይ አታድርም፤ ወረድ ብላ ከግራዋው ውስጠኛ ቅርንጫፍ ነው የምትይዘው» አሉኝ። እውነትም ነፋሻ በሆኑ ሌሊቶች ዝቅ ብለን ስንፈልግ የምናገኛቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሁሉም መንገዶቻችን ላይ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ መፈለግን ደንብ አደረግነው፤ ደንቡ የተለወጠበትንም ቀን በመዝገቡ ላይ አሰፈርን። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሳይጻፍ ቢቀር ግን ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው እስስቶቹ በድንገት የበዙ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን ፍለጋው ነው።

ፍርሃትን በተመለከተም ከእነርሱ ጋር መነጋገር አስፈላጊ ነው። እስስት መርዝ የላትም፤ ይሁን እንጂ ትነድፋለች ብሎ የሚፈራት ሰው ብዙ ነው፤ ልጆችም ሲያገኟት በድንጋይ ይወግሯታል። ይህን ፍርሃት በማስተማሪያ ወረቀት ማስለቀቅ እንደማይቻል ደርሼበታለሁ። የሚሠራው ለልጆቹ በማይደፍሩት ሌሊት፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር፣ በባትሪ ብርሃን የተኛች እስስት ማሳየት ነው። አትነካም፣ አትያዝም፣ ከእንቅልፏም አትቀሰቀስም፤ ብርሃኑም ዓይኗ ላይ አይቆይም።

ፈቃድ ሳይዙ በሌሊት አጥር ላይ ባትሪ ማብራት በእኛ ሰፈር ችግር ማምጣቱ አይቀርም። በአራት ኪሎ አካባቢ የመንግሥት ተቋማት ስለሚበዙ ካሜራ ይዞ መዞር ጥርጣሬ ያስከትላል፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከየግቢው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ፣ ከዚያም ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ማግኘት፣ ደብዳቤውንም በቆጠራው ሌሊት ይዞ መውጣት፣ ለአካባቢው ፖሊስም አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፎቶ ሲነሣ ካሜራው ወደ ቅርንጫፉ ብቻ ይዞር፤ ሕንፃና ሰው ከጀርባ እንዳይገቡ መጠንቀቅ ይገባል። ደብዳቤው ላይ ማኅተም መኖሩ ከጽሑፉ ይልቅ እንደሚረዳ መጨመር አያስፈልገኝም።

ቅጻችን አንድ ገጽ ነው። ቀኑ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የመንገዱ ስም፣ የቆጠሩት ሁለት ሰዎች፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የታዩት እስስቶች ብዛት፣ የተገኙበት ተክልና ከፍታ፣ እንዲሁም ድመት መታየቱና አጥሩ መቆረጡ ይጻፍበታል። ቀንና ሰዓትን በተመለከተ ከመጀመሪያው መስማማት ያሻል፤ አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ብሎ ሲጽፍ ስልኩ 20፡00 ብሎ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ከተደባለቁ መዝገቡን ማጥራት ከቆጠራው የበለጠ አድካሚ ይሆናል። እኛ ወረቀቱን በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ እርሱ ይቀይረዋል። ስልክ መጠቀም ለሚፈልግ ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ጥሩ ነው፤ ለጥበቃ ሠራተኞቻችን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላቸዋል።

ጀማሪዎች በጣም የሚቸገሩት «ምንም አልታየም» የሚለውን ለመጻፍ ነው። ተማሪዎች ባዶ ቅጽ ማምጣት ያሳፍራቸዋል፤ አንዳንዱም ያላገኘበትን ሌሊት እንዳልወጣ ቆጥሮ ይተወዋል። የእድር ጸሐፊ ግን የመጣውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይመዘግባል፤ መዝገቡ ሥራ ላይ የሚውለው በዚህ ነው። ዜሮ ካልተጻፈ ቆጣሪው ያልሄደበት ቦታና እስስት የሌለበት ቦታ አንድ ሆነው ይታያሉ። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ አለመታየቷ የለችም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ወቅት ውስጥ ወደ አንድ መንገድ ደጋግመን እንሄዳለን፤ ለየወቅቱም የምናወዳድረው በአንድ ሌሊት የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ነው። የየሌሊቱን ቁጥር ደምሮ «በሰፈራችን ይህን ያህል እስስት አለ» ማለት ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ትናንት የተቆጠረችው ዛሬም ልትቆጠር ትችላለች፤ ቀለሟም ስለሚለዋወጥ በፎቶ አንዷን ከሌላዋ መለየት ለእኛ አስተማማኝ አልሆነም።

የገንዘብ ጉዳይ የሚያከራክር ነው። በአውስትራሊያ ቻኩራን ከሚከታተሉት ጠባቂዎች ብዙዎቹ በደመወዝ የሚሠሩ ናቸው፤ ይህም ተገቢ ይመስለኛል፤ የሰውን ዕውቀት በነፃ መጠቀም ፍትሐዊ አይደለም። እኛ ደመወዝ ለመክፈል አቅም ባይኖረንም በቆጠራው ሌሊት ለወጡት ጥበቃዎች ለሻይና ለስልክ ካርድ የሚሆን ከመዋጮአችን እንሰጣለን። የምንሰጠው ግን ለወጡበት ሌሊት እንጂ ላገኙት እስስት አይደለም። በአንዲት እስስት ይህን ያህል ብር ከተባለ ቁጥሩ በራሱ መጨመር ይጀምራል፤ ይባስ ብሎም ሰዉ ከሌላ ቦታ እየያዘ ማምጣት ሊጀምር ይችላል። አንድ ድርጅት በዚህ መልክ ሊረዳን ጠይቆን ነበር፤ በትሕትና አልተቀበልነውም።

ያሉበትን ቦታ በትክክል ለሕዝብ ማውጣት አያስፈልግም። የእስስት ዝርያዎች ለቤት እንስሳነት በዓለም ገበያ ስለሚሸጡ፣ ትሪዮሴሮስ የሚባሉት ሁሉ በዓለም አቀፉ የአደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። አይናቹራሊስት በተባለው፣ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል በሚመዘግቡበት መተግበሪያ ፎቶ የምናስቀምጠው ቦታው እንዲደበዝዝ አድርገን ነው፤ የግቢው ስም በወረቀቱ መዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል። ዝርያውን ለመለየት ሲያዳግተን ፎቶውን ይዘን በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ግቢ ያለውን የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጎብኘት ለተማሪዎቹም ትልቅ ትምህርት ሆኖ አግኝተነዋል።

መዝገቡ ምን ይጠቅማል ለሚለው፣ እስካሁን ያየሁት ጥቅም የሰፈር ጥቅም ነው። አንድ ግቢ አሮጌ የግራዋ አጥሩን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ በቆርቆሮ ሊተካ ሲል ጥበቃው ራሱ የቆጠራውን ቅጽ ይዞ ወደ ባለቤቷ ቀረበ፤ እትዬም አጥሩ በአንድ ጊዜ እንዳይነሣ፣ አንዱ ወገን ሲቆረጥ ሌላው እንዲቆይ ተስማሙ። እኔ ደብዳቤ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል የሚሰሙኝ አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም እስስቶቹን ይዞ ሌላ ቦታ ማድረስ የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ እኛ አናደርገውም። የማታውቀው ቦታ ላይ የተለቀቀች እንስሳ መጠለያዋን ሳታገኝ በድመት ወይም በወፍ ልትበላ ትችላለች፤ በዚያ ቦታ ያሉት ላይም ጫና ይፈጥራል፤ የዱር እንስሳ መያዝና ማዘዋወርም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይደረግም። አጥሩን በየወገኑ እየከፋፈሉ መቁረጥ፣ ከተቆረጠውና ከቆመው መካከል ቅርንጫፍ የሚገናኝበት መሸጋገሪያ መተው የተሻለ ነው።

አሁን የሚያሳስበን የሰው መለዋወጥ ነው። የጥበቃ ኤጀንሲዎች ሠራተኞቻቸውን ከግቢ ግቢ ያዘዋውራሉ፤ ተማሪዎችም 12ኛ ክፍል ጨርሰው ይሄዳሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ ከነባሩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ቀጥሎም ሁለቱ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መንገድ፣ በተወሰነ ሰዓት ልዩነት ለየብቻቸው ይቆጥሩና ቅጻቸውን ያስተያያሉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አዲሱ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሁለተኛ ቆጣሪ ሆኖ ይቀጥላል፤ ቀረብ ያለ ከሆነ ግን መንገዱ በስሙ ይጻፍለታል፣ የእጅ ባትሪውንም ይረከባል።